ባለ ቤቱ የመረጠው ፕሬዚዳንት

ከቡና ጓደኞቻችን መካከል «ባለ ቤቱ» የምንለው ሰው ነበረ። እውነተኛ ስሙ ይቆየንና እኔም በዚሁ ልጥራው። ቅጽሉ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ከሁላችን ቀድሞ ቤት የገዛው እሱ ነበርና። ከዋሽንግተን ከተማ በስተደቡብ፣ ቨርጂንያ ውስጥ፣ ፕሪንስ ዊልያም በሚባለው ካውንቲ፣ ዉድብሪጅ ላይ፣ ከግራና ከቀኝ ጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ባለ ሦስት መኝታ ቤት። እኛ ያኔ ሦስትም አራትም ሆነን አንድ አፓርትመንት ውስጥ የምንታጨቅ ሰዎች ነበርን። ለቤቱ ምረቃ ድፎ ተጋገረ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ቄስ ተጠርተው ጠበል ረጩ። እኛ «ባለ ቤቱ! ባለ ቤቱ!» እያልን ስናሞግሰው ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለችና «የሱስ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ቤቱ የባንኩ ነው!» ብላ አሳቀችን።

«እንዴት አገኘኸው?» ስንለው አሠራሩን በኩራት ያስረዳን ነበር። ቅድሚያ ክፍያ የለም። ገቢህ ስንት ነው ብለው ይጠይቁሃል፤ የነገርካቸውን ይጽፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ወለዱ ዝቅተኛ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ገበያው ከፍም ዝቅም ይላል። ባለ ቤቱ ዝቅ ሲል አላየውም። በወር 1,900 ዶላር ይከፍል የነበረው ሰውዬ በ2007 መጨረሻ 2,800 ክፈል ተባለ። ቀን ሆቴል ይሠራል፣ ማታ ታክሲ ይነዳል፤ የሚጨምረው ሌላ ሰዓት አልነበረውም።

ነገሩን ለእናቴ በስልክ ላስረዳት ስሞክር የደረስኩበት ምሳሌ ዕቁብ ነው። በዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም። ዳኛውና ጸሐፊው ሰውየውን ያውቁታል፤ ቢጠፋ ገንዘቡ የሚጎድለው ከራሳቸውም ኪስ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሆነው ግን እንዲህ ነው። አበዳሪው ገንዘቡን እንደሰጠ ያንን የብድር ውል ዎል ስትሪት ላሉ ባንኮች ይሸጠዋል። እነሱ በሺህ የሚቆጠሩ ውሎችን በአንድ ላይ ጠቅልለው፣ እንደ ዳቦ ቆራርሰው፣ ለጡረታ ድርጅቱም ለአውሮፓው ባንክም መልሰው ይሸጡታል። የጥራት ደረጃ የሚሰጡት ድርጅቶች ከተቆረሰው ለብዙው «አንደኛ» የሚል ማኅተም መቱበት። ኤአይጂ የተባለው የኢንሹራንስ ድርጅት ደግሞ «ቢበላሽ እኔ አለሁ» ብሎ ዋስ ገባ፤ ለዋስትናው የሚሆን ገንዘብ ግን አላስቀመጠም። እማዬ ይህን ሁሉ ሰምታ «እና ዳኛው ማነው?» ነበር ያለችኝ።

እንግዲህ በ2008 አሜሪካ አዲስ ዳኛ ለመምረጥ ስትዘጋጅ ቤቱ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበር። መጋቢት ላይ ቤር ስተርንስ የተባለው ባንክ ተንገዳግዶ ለጄፒ ሞርጋን በርካሽ ተሸጠ። ነሐሴ ላይ ጋዜጠኞች ሪፐብሊካኑን ዕጩ ሴናተር ጆን ማኬይንን ስንት ቤት እንዳላቸው ቢጠይቋቸው፣ ረዳቶቼ ይነግሯችኋል የሚል መልስ ሰጡ። ባለ ቤቱ ይህን የሰማ ዕለት ቡናው እስኪደፋ ሳቀ። «እኔን ቢጠይቁኝ አንድም እንደሌለኝ እነግራቸው ነበር» አለ።

ያም ሆኖ በመስከረም መጀመሪያ፣ ከሪፐብሊካን ጉባኤ በኋላ፣ በበርካታ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ማኬይን ኦባማን ቀድመው ነበር። ይህን ዛሬ ብዙ ሰው ዘንግቶታል። ታሪኩ ሲወራ ኦባማ ከመጀመሪያው አንስቶ በድል ጎዳና ላይ እንደነበሩ ተደርጎ ይወራል። አልነበሩም። የገለበጠው መስከረም ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 15 ቀን 2008 (በእኛው አቆጣጠር 2001 ዓ.ም. ከገባ ገና አምስተኛ ቀኑ) ሌማን ብራዘርስ የተባለ፣ 158 ዓመት ያስቆጠረ ባንክ ከሰርኩ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። እኔ ያኔ ዋሽንግተን መሐል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። በሥራዬ ያን የመሰለ ጠዋት አላጋጠመኝም። ባለ ከረባቶቹ መኪናቸውን አቁመው አይወርዱም፤ ሞተሩን አጥፍተው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። አንዱን «ጌታዬ፣ ቲኬት» ብለው ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። በዚያው ዕለት ማኬይን ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ላይ ቆመው የኢኮኖሚያችን መሠረት ጠንካራ ነው አሉ። እርግጥ ጊዜው ከባድ መሆኑንም አብረው ተናግረዋል፤ ከሰዓት በኋላም «መሠረት ያልኩት ሠራተኛውን ነው» ብለው ሊያስተካክሉ ሞክረዋል። ማን ይስማቸው! በማግስቱ መንግሥት ለኤአይጂ የ85 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። ዋሱም ዋስ ተጠራለት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁለት ሳምንታት፣ ለእኔ፣ የምርጫው ልብ እነሱ ናቸው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሄንሪ ፖልሰን ሦስት ገጽ የምትሆን ረቂቅ ይዘው ኮንግረስ ገቡና 700 ቢሊዮን ዶላር ፍቀዱልኝ አሉ። መስከረም 24 ቀን ማኬይን የምርጫ ዘመቻዬን አቁሜአለሁ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የሚደረገው ክርክርም ይተላለፍ ብለው አወጁ። ኦባማ ደግሞ አንድ ፕሬዚዳንት ከአንድ በላይ ነገር መሥራት መቻል አለበት ብለው መለሱ። በማግስቱ ሁለቱም ኋይት ሐውስ ተጠርተው ከፕሬዚዳንት ቡሽ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ስብሰባው በጭቅጭቅ ፈረሰ። እንደተጻፈው ከሆነ ቡሽ ገንዘቡ ካልተለቀቀ ይኼ ነገር ይንኮታኮታል አሉ፤ ፖልሰንም የምክር ቤቷን አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲን ቀልድም ልመናም በሆነ ሁኔታ በጉልበታቸው ተንበርክከው ለመኗቸው። ስብሰባው እንዲጠራ የጠየቁት ማኬይን ግን እዚያ ጥቂት ብቻ ተናገሩ ተባለ። ክርክሩም አልቀረም፤ ማኬይን መጡ። መስከረም 26 ቀን አዲስ አበባ ደመራ በተለኮሰበት ዕለት ማታ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ኦክስፎርድ ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ።

ልብ በሉልኝ፤ እስካሁን ያወራሁት ስለ ጠባይ ነው። አንደኛው ተቻኮለ፣ ሁለተኛው ረጋ አለ። መራጩ የመዘነው ይህንን ነበር፤ ባይፈረድበትም። ዕቁብ ሊፈርስ ሲል ሰው ዐይኑን የሚጥለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚናገረው ሽማግሌ ላይ ነው። ነገር ግን ስለ ገንዘቡ ራሱ ሁለቱ ምን አሉ? መስከረም 29 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን 228 ለ205 በሆነ ድምፅ ጣለው። የአክሲዮን ገበያው በዚያው ቀን 777 ነጥብ ወደቀ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 1 ቀን፣ ሴኔቱ ረቂቁን አሻሽሎ 74 ለ25 አሳለፈው። ኦባማ «ይሁን» አሉ። ማኬይንም «ይሁን» አሉ። ጥቅምት 3 ቀን ምክር ቤቱም ተስማማ፤ ቡሽ ፈረሙ። የምርጫው ቀን ገና አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ይህ ነገር ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ፣ የ1932ን ምርጫ ታሪክ ሳነብ ነው። ያኔም የአሜሪካ ባንኮች ይወድቁ ነበር፤ በ1933 መጀመሪያ ከሠራተኛው አንድ አራተኛ ያህሉ ሥራ ፈት ነበር። ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ለባንኮችና ለባቡር ኩባንያዎች የሚያበድር አንድ የመንግሥት ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ ረሃብተኛው ግን «ለኛስ?» አለ። ቃል የተገባልን የዘማችነት ጉርሻ ቀድሞ ይሰጠን ብለው ዋሽንግተን የሰፈሩትን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች፣ ሐምሌ 1932 ላይ፣ በጄኔራል ማክአርተር የሚመራ ጦር ድንኳናቸውን አቃጥሎ አባረራቸው። ከዚያ በኋላ ሁቨር ሊመረጡ አይችሉም ነበር። ኅዳር ላይ ፍራንክሊን ሩዝቬልት በወኪል መራጮች ድምፅ 472 ለ59 ረቷቸው።

የሚገርመው ከዚያ የቀጠለው ነው። በዚያ ዘመን አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን የሚረከበው መጋቢት 4 ቀን ስለነበር አራት ወር ያህል አገሪቱ ባለቤት አጣች። ሁቨር ተመራጩን «በአንድ ላይ መግለጫ እናውጣ» እያሉ ወተወቱ፤ ሩዝቬልት እምቢ አሉ። ባንኮቹ በያሉበት እየተዘጉ መጋቢት 4 ደረሰ። ለዚህ እምቢታቸው ሩዝቬልትን የሚወቅሱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔም ያ ክረምት የስንቱን ቤተሰብ ማጀት ባዶ እንዳስቀረ ሳስብ ልወቅሳቸው ይቃጣኛል። ግን ሩዝቬልት ሲገቡ እጃቸው አልታሰረም ነበር። ባንኮቹን ሁሉ ዘጉ፣ አስመረመሩ፣ በሬዲዮ ለሕዝቡ በተራ ቋንቋ አስረዱ፣ ደኅናዎቹን ከፈቱ። በሰኔ 1933 ደግሞ የቤት ባለ ዕዳዎችን ብድር ከባንኮች እየገዛ በረጅም ጊዜና በዝቅተኛ ወለድ የሚያድስ ድርጅት በሕግ ተቋቋመ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል የቤት ብድሮችን አደሰ። (ይኸው ድርጅት የጥቁሮችን ሰፈሮች «አደገኛ» ብሎ በካርታ ላይ በቀይ ቀለም ማስፈሩ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

በ1932 ሕዝቡ መረጠ፣ ከዚያ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የተመረጠው ሰው ወሰነ። በ2008 ገንዘቡ ተወሰነ፣ ከዚያ ሕዝቡ መረጠ። ከ700 ቢሊዮኑ ግማሹ እስከ ጥር 2009 አለመለቀቁ እውነት ነው፤ ዋናው ነገር፣ ማለትም ባንኮቹ የተጨነቁበት ሰዓት ግን አልፎ ነበር። የተጨነቀ ባንክ ውል ይፈርማል። ጭንቀቱ ያለፈለት ባንክ ጠበቃ ይልካል።

አሁን አንድ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ጥቅምት 7 ቀን ማታ፣ ናሽቪል ላይ ሁለተኛው ክርክር ሲደረግ፣ እኔ አፓርትመንት ተሰብስበን እናያለን። ባለ ቤቱም አለ። የሦስት ወር ውዝፍ አለበት። ማኬይን በመሐል ተነሡና መንግሥት የተበላሹትን የቤት ብድሮች ገዝቶ ቤቱ አሁን ባለው ዋጋ ልክ ውሉን ያድስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሒሳቡ 300 ቢሊዮን ዶላር ነው። እንግዲህ ይህ ከ1933ቱ ድርጅት ጋር የሚመሳሰል፣ ባለ ቤቱን በቀጥታ የሚመለከት ሐሳብ ነው። ቤቱ በ340 ሺህ ተገዝቶ ያን ጊዜ 200 ሺህ አያወጣም ነበር። እኛ ምን አደረግን? ሳቅን። «የቤቱን ቁጥር የማያውቅ ሰውዬ ስለ ቤት ሊያወራ!» አለ ባለ ቤቱ፤ እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ማንም «ቆይ፣ ምን አሉ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የኦባማ ወገን ሐሳቡን ተቃወመ። ኪሳራውን ከባንኮቹ ትከሻ አውርዶ ግብር ከፋዩ ላይ ይጭናል አሉ፤ ክርክራቸው ውሃ የሚያነሳ ነበር። ማኬይንም ነገሩን አፍታተው አላስረዱም፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ዘመቻቸው ወደ ሌላ ወሬ ሄደ። ቢመረጡ ያደርጉት ነበር ብዬ ልምል አልችልም። የገዛ ፓርቲያቸውም አይፈቅድላቸውም ነበር። እኔ የምለው ሐሳቡ ካልወደድነው አፍ ስለወጣ አልሰማነውም ነው።

ኅዳር 3 ቀን፣ የምርጫው ዋዜማ፣ ኦባማ የዘመቻቸውን የመጨረሻ ስብሰባ ያደረጉት የት መሰላችሁ? ማናሳስ። ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ። በሰሜን ቨርጂንያ በባንክ በተወሰዱ ቤቶች ብዛት ስሙ የሚጠራው ካውንቲ ማለት ነው። ባለ ቤቱ ታክሲውን አቁሞ እኔንም ይዞኝ ሄደ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በብርድ ቆሟል። ያሳደጓቸው አያታቸው ማረፋቸው የተሰማው በዚያው ቀን ነበር፤ ሌሊቱ ከገፋ በኋላ መድረክ ላይ ሲወጡ ድምፃቸው የሰለለ፣ የደከሙ ሰው ነበሩ። ባለ ቤቱ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ነበር። በ2006 ዜግነት ወስዷል፤ በሕይወቱ ለፕሬዚዳንት ድምፅ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። እኔ ግሪን ካርድ ብቻ ስለነበረኝ መምረጥ አልችልም። «የኔን ድምፅ ከሁለት ቆጥረው» ብዬው ነበር።

በማግስቱ ኦባማ 365 ለ173 አሸነፉ። ቨርጂንያ ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዴሞክራት መረጠች። ዩ ስትሪት፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት አካባቢ፣ የማይተዋወቅ ሰው እየተቃቀፈ ያለቅስ ነበር። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ያን ሌሊት ዛሬም ቢሆን በገንዘብ ሒሳብ አልመዝነውም፤ የአባቱ አገር ኬንያ የሆነ ሰው ባሮች በገነቡት ቤት ሊኖር ነበር። ኬንያ የሥራ መዝጊያ በዓል አወጀች። እማዬም ከአዲስ አበባ ደወለች፤ «ያ የኬንያው ልጅ አሸነፈ አይደል? ተገላገላችኋ!» አለች። ባለ ቤቱ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ «እማማ፣ አዎ፣ ተገላገልን!» አላት።

ከዚህ በኋላ ያለው በወረቀት የተሞላ ታሪክ ነው። የካቲት 18 ቀን 2009 ፕሬዚዳንቱ አሪዞና ውስጥ ሜሳ ላይ የ75 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ይፋ አደረጉ፤ ከሦስት እስከ አራት ሚሊዮን ለሚደርሱ ባለ ቤቶች ወርኃዊ ክፍያቸው ይቀነሳል ተባለ። ነገር ግን ቅነሳውን የሚያስፈጽሙት እነዚያው ክፍያ ሰብሳቢ ድርጅቶች ናቸው፤ መንግሥት ላደሱት ውል ጉርሻ ይሰጣቸዋል እንጂ አያስገድዳቸውም። የሚያስገድደው ሌላው መንገድ፣ የኪሳራ ዳኞች የቤት ዕዳን እንዲቀንሱ የሚፈቅደው ሕግ፣ ኦባማ በዘመቻቸው የደገፉት፣ ሚያዝያ 30 ቀን ሴኔት ቀርቦ 45 ለ51 ወደቀ። ኋይት ሐውስ ለዚያ ድምፅ እንደ ባንኮቹ 700 ቢሊዮን አልተንበረከከም። በዓመቱ መጨረሻ በቋሚነት የታደሱት ውሎች መቶ ሺህ አልሞሉም።

ባለ ቤቱ አመለከተ። ለሦስት ወር የሙከራ ክፍያ ተፈቀደለት፤ ሳያጓድል ከፈለ። ከዚያ የደመወዝ ወረቀትህ አልደረሰንም ተባለ። ከእኔ መሥሪያ ቤት ፋክስ አደረግንለት። አልደረሰም። እንደገና ላክን። ደርሷል፣ ግን ጊዜው አልፎበታል፣ የአዲሱን ወር ላክ። አንድ ቀን ስልክ ላይ አንዷ አግባብተን እናያለን ስትለው፣ በዚያው ቀን ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ የጨረታ ማስታወቂያ አገኘ። ባንኩን ስሙን አልጠራም፤ ከሌሎቹ የተለየ አልነበረም።

ጨረታው በጥቅምት 2009 ማናሳስ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ተካሄደ። አብሬው ሄድኩ። አንድ ሰውዬ ከወረቀት ላይ አድራሻዎች በተርታ ያነባል፤ የሱ ተራ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልወሰደም። ሌላ ገዢ አልቀረበም፤ ባንኩ ራሱ ወሰደው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ነበር፤ ስለ ምን እንደሆነ አላስታውስም።

ኅዳር 2012 እኔም ዜጋ ሆኜ፣ ሁለታችንም አሌክሳንድሪያ በአንድ የኪራይ ሕንፃ ስንኖር፣ አብረን ለምርጫ ተሰለፍን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ብርዱም አለ። ማንን እንደሚመርጥ ጠየቅሁት። እንደ ጅል አየኝ፤ «ኦባማን ነዋ!»

«ቤቱስ?» አልኩት።

«ወረቀቴን የጣለው እሱ ነው እንዴ?»

የምመልስለት ነበረኝ። የሴኔቱን ድምፅ፣ ጥቅምት 3ን፣ ናሽቪልን ልዘረዝርለት አፌን ስከፍት ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ እሱም ቀድሞኝ ገባ።